ስለ ማላዊ ምርጫ ጠይቁኝ፦ ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንት ምርጫ የሰረዘባት አገር

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አፍሪካ ምርጫ ሲነሳ ሁሌ የሚጠቀሱት ኬንያና ጋና ናቸው። እኔ ለዓመታት በቅርብ የተከታተልኩት ግን የማላዊን ነው። በዓለም ላይ ካሉ ድሃ አገሮች አንዷ ናት። ሆኖም በአምስት ዓመት ገደማ ውስጥ ሁለት ፕሬዚዳንቶችን በድምፅ አውርዳለች። ጥያቄዎቻችሁን ሰብስቤ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

ጥያቄ፦ ምንም ለማናውቅ ሰዎች ከመጀመሪያው ንገረን። 2019 ላይ ምን ተፈጠረ?

ግንቦት 2019 ምርጫ ተካሄደ። ሥልጣን ላይ የነበሩት ፒተር ሙታሪካ በ38.57 በመቶ አሸነፉ ተባለ። የተቃዋሚው መሪ ላዛረስ ቻክዌራ 35.41፣ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ሳለ ከሙታሪካ ተለይተው የተወዳደሩት ሳውሎስ ቺሊማ ደግሞ 20.24 በመቶ አገኙ።

ጉዱ የመጣው ከውጤት ቅጾቹ ነው። እዚያም እንደ እኛ አገር ድምፅ የሚቆጠረው ምርጫ ጣቢያው ውስጥ፣ የፓርቲ ወኪሎች ባሉበት ነው። ቁጥሩ ቅጽ ላይ ይሰፍራል፣ ይፈረምበታል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይላካል። በ2019 ብዙ ቅጾች ብላንታየር ወደሚገኘው ዋናው ማዕከል የደረሱት ቁጥራቸው በነጭ ማጥፊያ፣ እኛ ፍሉድ በምንለው፣ ተቀብቶ በላዩ ሌላ ተጽፎበት ነው። ማላዊያን በማጥፊያው ስም "የቲፔክስ ምርጫ" ያሉት ለዚህ ነው። ፊርማ የሌላቸው ቅጾችም ነበሩ። በዋናው ቅጽ ቦታ ቅጂ የቀረበባቸውም ነበሩ። ምርጫ ኮሚሽኑ እነዚህን ተቀብሎ አሸናፊ አወጀ። ቻክዌራና ቺሊማ ፍርድ ቤት ሄዱ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ፍሉድ መቀባት ብቻውን ማጭበርበር ነው? ሌሊቱን ሙሉ ሲቆጥር ያደረ መምህር ተሳስቶ አርሞ ቢሆንስ?

ከሁሉም ጥያቄዎች የወደድኩት ይህን ነው። ኮሚሽኑም ፍርድ ቤት የተከራከረው በዚሁ መንገድ ነበር። አዎ፣ አንዳንዱ ቅጽ በእርግጥ የደከመ ሰው እርማት ሊሆን ይችላል።

ግን አንድ ቅጽ ላይ ቁጥር ሲቀየር ማን ቀየረው? መቼ? ወኪሎቹ ባሉበት ነው ወይስ ከሄዱ በኋላ? ፍሉዱ እነዚህን መልሶች አብሮ ያጠፋቸዋል። ፍርድ ቤቱም አመልካቾቹን "የተሰረቀው ድምፅ ከልዩነቱ እንደሚበልጥ በቁጥር ካላሳያችሁ ተሸንፋችኋል" አላላቸውም። ሕጉ የሚያዘው አሠራር እንዲህ በሰፊው ከተጣሰ ውጤቱን ማመን አይቻልም አለ። ጥፋቱንም በዋናነት ሥራውን ባልሠራው ኮሚሽን ላይ አደረገ።

ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። በብዙ አገር ዳኞች "ጉድለት ነበር፤ ነገር ግን ውጤቱን አይቀይርም" እያሉ መዝገብ ይዘጋሉ። ያ አባባል ለቀጣዩ አጭበርባሪ ፈቃድ እንደ መስጠት ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ዳኞቹ እንዴት ደፈሩ? እኛ ዘንድ ቢሆን…

አምስት ዳኞች ነበሩ። ፍርዱን ለማሰማት የካቲት 3 ቀን 2020 ዋና ከተማዋ ሊሎንግዌ ወዳለው ችሎት የመጡት በወታደራዊ ብረት ለበስ መኪና ታጅበው፣ ጥይት መከላከያ ለብሰው ነው። ውሳኔው 500 ገጽ ያህል ሲሆን ንባቡ ወደ 10 ሰዓት ገደማ ወሰደ። ሕዝቡ በሬዲዮ ተከታተለው። ከዚያ በፊት አንድ ሀብታም የባንክ ባለቤት በገንዘብ ሊገዛቸው ሞክሮ ነበር። እነሱ ራሳቸው አሳልፈው ሰጡት፤ በ2021 ጥፋተኛ ተባለ።

ድፍረቱ ግን በአንድ ቀን የመጣ እንዳይመስላችሁ። በ2014 ፕሬዚዳንት ጆይስ ባንዳ በምርጫ ሊሸነፉ ሲሉ "ምርጫው ተሰርዟል" ብለው አውጀው ነበር። ፍርድ ቤት "ይህን የማድረግ ሥልጣን የለሽም" አላቸው። ተሸንፈው ወረዱ። በዚያ ውሳኔ የተጠቀሙት ማን ነበሩ? ሙታሪካ። ስለዚህ በ2020 ዳኞቹ ሲፈርዱ "ለተቃዋሚ አደሩ" ማለት ከባድ ነበር። ፍርድ ቤት የሚታመነው አንድ ጊዜ ለዚህኛው፣ አንድ ጊዜ ለዚያኛው ሲፈርድ ከታየ ነው።

ጥያቄ፦ ሰልፉ ነው ያመጣው የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

ከፊሉ እውነት ነው። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች ኅብረት ለወራት ሰልፍ መርቷል፤ የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ጄን አንሳህ ይልቀቁ የሚል ነበር ዋናው ጥያቄ። በብዙ ሰልፎች ላይ ወታደሩ በፖሊስና በሰልፈኛው መካከል ቆሞ ሰው ጠብቋል። ሰኔ 2020 ላይም መንግሥት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንት አንድሩ ኒሬንዳን ያለጊዜያቸው እረፍት ሊያስወጣ ሲሞክር ጠበቆች ካባቸውን ለብሰው አደባባይ ወጡ።

ዋጋው ግን መረሳት የለበትም። ጥቅምት 2019 ሙሱንድዌ በሚባል ቦታ አንድ ፖሊስ በድንጋይ ተወግሮ ሞተ። ፖሊሶች ለበቀል ወደ አካባቢው መንደሮች ገብተው ሴቶችንና ልጃገረዶችን ደፈሩ። በ2020 ፍርድ ቤት ካሳ እንዲከፈላቸው አዟል። ስለ ማላዊ ድል ሲወራ እነዚህ ሴቶች ብዙ ጊዜ አይጠቀሱም። እኔ ሁሌም እጠቅሳቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሙታሪካ ራሳቸው አጭበርብረዋል ተብሎ ተፈርዶባቸዋል?

አልተፈረደባቸውም። የተሻረው ምርጫው ነው።

ጥያቄ፦ 50 ሲደመር 1 የሚባለው ነገር ምንድነው? ለምን አስፈለገ?

በፊት ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፣ 36 በመቶም ቢሆን። ሙታሪካ በ2014 ያሸነፉት በዚያ መጠን ነው። ማላዊ ሰሜን፣ መካከለኛና ደቡብ ተብላ በሦስት ክልል ትከፈላለች፤ ድምፁም በአብዛኛው በዚያው ይከፈላል። ስለዚህ አንድ ሰው የራሱን አካባቢ ብቻ አሰልፎ አገር መግዛት ይችል ነበር። ፍርድ ቤቱ በሕገ መንግሥቱ ላይ ያለው "አብላጫ" ከግማሽ በላይ ማለት ነው ብሎ ወሰነ።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። ማንም ከሰፈሩ ብቻ ግማሽ ስለማያገኝ ተቀናቃኞች አብረው ለመቆም ተገደዱ። ቻክዌራ ቺሊማን ምክትላቸው አድርገው ከሌሎች ፓርቲዎች ጋር ቶንሴ የተባለ ጥምረት መሠረቱ። ሰኔ 23 ቀን 2020 በተደረገው ድጋሚ ምርጫ 58.57 በመቶ አገኙ። በ2017 ኬንያ ውስጥም ምርጫ ተሰርዞ ነበር፤ እዚያ ግን ተቃዋሚው ከድጋሚው ራሱን አገለለና ሥልጣን ላይ ያሉት ቀጠሉ። በአፍሪካ ከተሰረዘ ምርጫ በኋላ ተቃዋሚ ድጋሚውን ያሸነፈው ማላዊ ላይ የመጀመሪያው ነው።

ጥምረት ችግርም አለው። ሥልጣን ሲከፋፈል ለዘመድም ይተርፋል። የቻክዌራ የመጀመሪያ ካቢኔ ውስጥ ዘመዳሞች ተሹመው ሕዝቡ ገና በመጀመሪያው ወር ነው ያማረረው። ቢሆንም በክልል ወይም በብሔር ድምፅ ለሚከፋፈል አገር ከሰፈርህ ውጭ ወጥተህ እንድትለምን የሚያስገድድ ሕግ ይሻላል እላለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ ማላዊን የማውቃት ደላሎች የሆሳዕናና የሃዲያ ልጆችን ወደ ደቡብ አፍሪካ በሚያሻግሩባት መንገድ ነው። እዛ አገር ሕግ አለ እንዴ?

እህቴ፣ ሕመምሽ ይገባኛል። ጥቅምት 2022 ምዚምባ በሚባል አካባቢ የጅምላ መቃብር ተገኝቷል፤ አስከሬኖቹ የኢትዮጵያውያን ስደተኞች እንደሆኑ ነው የታመነው። ዋና ከተማ ላይ የፕሬዚዳንት ምርጫ መሰረዝ የቻለ ፍርድ ቤት መኖሩ፣ በጫካ መንገድ ላይ ያለን ልጅ አላዳነም። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ጥያቄ፦ ዴሞክራሲው እንጀራ ሆነላቸው? ኑሮ ተወደደ ሲባል ነው የምሰማው።

አልሆነላቸውም። ገንዘባቸው ክዋቻ በ2022 በ25 በመቶ፣ በኅዳር 2023 ደግሞ በ44 በመቶ እንዲወርድ ተደረገ። መጋቢት 2023 ፍሬዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ደቡቡን አጥፍቶ ሄደ። የውጭ ምንዛሪ ጠፋ፣ ነዳጅ ማደያ ላይ ሰልፍ ሆነ፣ ማዳበሪያ ተወደደ። ቺሊማም ሰኔ 2024 በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ።

መስከረም 2025 ማላዊያን እንደገና መረጡ። ቻክዌራ 33 በመቶ ገደማ አግኝተው ተሸነፉ። ያሸነፉት፣ አዎ፣ 85 ዓመት የሞላቸው ሙታሪካ ናቸው፤ ወደ 57 በመቶ አግኝተው። ቻክዌራ ይፋዊው ውጤት ከመነገሩ በፊት ሽንፈታቸውን ተቀበሉ።

ፍርድ ቤት ማዳበሪያ አያመጣም። ምርጫም ዝናብ አያዘንብም። ነገር ግን ኑሮ ያስመረረው ገበሬ መንግሥቱን ያለ ጥይት አስወርዶ ቤቱ ገብቷል። ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ በቲፔክስ ጊዜ የነበሩት ሰው መመለሳቸው አያሳፍርም?

ሙታሪካን የመለሳቸው የመራጩ ድምፅ ነው፤ ማክበር አለብን። እኔን የከፋኝ ሌላ ነው። ምክትላቸው ያደረጉት ያንን የተሰረዘ ምርጫ የመሩትን ጄን አንሳህን ነው። ሕግ አይከለክልም። ቢሆንም ትናንት ዳኛ የነበረ ሰው ዛሬ ከአንዱ ቡድን ጋር ሲሰለፍ፣ ነገ ምርጫ ኮሚሽን ውስጥ የሚቀመጠውን ሰው ማን ያምነዋል? ኃላፊዎቹ ከለቀቁ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት የፓርቲ ሥልጣን እንዳይዙ የሚከለክል ሕግ ቢኖር ጥሩ ነበር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለኛ አገር ምን እንውሰድ? በምርጫ የፓርቲ ወኪል ሆኜ መሥራት እፈልጋለሁ።

የእኛ ሥርዓት ፓርላማዊ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሕዝብ በቀጥታ አይመርጥም። ስለዚህ 50 ሲደመር 1ን እንዳለ ማምጣት አይቻልም። በእኛ አቆጣጠር ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ክርክሩ መንገድ ላይ ወጥቶ ደም ፈሰሰበት። ማላዊ ላይም ደም ፈሷል፤ ግን ክርክሩ መጨረሻው ችሎት ሆነ፣ ዳኞቹም ሰሙት።

ወኪል ከሆንክ ልጄ፣ ቆጠራው ሳያልቅ እንዳትሄድ። ከሰዓት በኋላ ብዙ ወኪሎች ርቧቸው ይሄዳሉ፤ ፓርቲህ ምግብህን ቀድሞ ያስብበት። ቅጹ ሳይሞላ አትፈርም። ከፈረምክ ቅጂህን ያዝ። ቅሬታ ካለህ እዚያው በጽሑፍ አስመዝግብ፤ በኋላ በቃል ብትናገር ማንም አይሰማህም። ጣቢያው ላይ የተለጠፈውን ውጤት ከአንተ ቅጂ ጋር አስተያይ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ከእኔ፦ የማላዊ መሪዎች ሥልጣን ማራዘም አልሞከሩም?

ሞክረዋል። ያኔ ፕሬዚዳንት የነበሩት ባኪሊ ሙሉዚ በ2002 የሥልጣን ዘመን ገደቡን ለማንሳት የቀረበውን ሐሳብ ደግፈው ነበር፤ ፓርላማ ውስጥ በሦስት ድምፅ ጎደለና ወደቀ። በ2009 "እረፍት ወስጃለሁ፣ ልመለስ" ብለው ዳግም ሊወዳደሩ ሲሉ ፍርድ ቤት ከለከላቸው። በ2002 እምቢ ካሉት መካከል የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎችም ነበሩበት።