የረጅም ጦርነት ስንቅ፦ ለኢኮኖሚና ለምህንድስና ተማሪዎች

ልጆች፣ ስለ ጦርነት ስታነቡ ዓይናችሁ ቶሎ የሚሄደው ወደ ታንኩና ወደ ድሮኑ ነው። እኔ ግን የምለምናችሁ ሌላውን እንድታጠኑ ነው፤ ጦርነቱ ዓመት ሲሻገር የወታደሩ ደመወዝ ከየት ይመጣል? ነዳጁ በየት ይገባል? መብራት ሲጠፋ ባንክ እንዴት ይሠራል? ለዚህ ከዩክሬን የተሻለ ትምህርት ቤት በዘመናችን አላውቅም። (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከገንዘቡ ጀምሩ። ሩሲያ ሙሉ ወረራዋን በጀመረችበት ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 የዩክሬን ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን በዶላር 29.25 ህሪቭኒያ (የአገሪቱ ገንዘብ) ላይ አሰረው፤ ወደ ውጭ የሚወጣውንም ገንዘብ ገደበ። ድንጋጤውን ለማብረድ ተገቢ ነበር። የታሰረ ተመን ግን የዶላር ክምችትን ይበላልና በጁላይ ተመኑ ወደ 36.57 ህሪቭኒያ ተቀየረ። ከባዱ ስህተት ሌላ ቦታ ነበር። የመንግሥት ቦንድ ወለድ ከዋጋ ንረቱ እጅግ ስላነሰ ገዢ ጠፋ፤ ብሔራዊ ባንኩ በዚያ ዓመት 400 ቢሊዮን ህሪቭኒያ አትሞ ጉድለቱን ሸፈነ። በዓመቱ መጨረሻ ንረቱ 26.6 በመቶ ደረሰ። በ2023 ኅትመቱ ቆመ፤ የቦንዱ ወለድ ከፍ አለ፤ ባንኮችም በብሔራዊ ባንኩ ዘንድ በግዴታ ከሚያስቀምጡት መጠባበቂያ እስከ ግማሹን በተመረጡ የመንግሥት ቦንዶች እንዲይዙ ተፈቀደ። ንረቱ ወደ 5.1 በመቶ ወረደ፤ ጥሩ ምርትም አግዞታል።

የውጭ እርዳታው በአብዛኛው የሚውለው ለጡረታ፣ ለመምህርና ለሐኪም ደመወዝ ነው። ወታደሩን የሚከፍለው የአገር ውስጥ ግብርና ብድር ነው፤ በ2024 መጨረሻ የጦር ግብሩ ከ1.5 ወደ 5 በመቶ ያደገውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ አንድ ብየዳ ሠራተኛ ሲዘምት ግንባሩ አንድ ሰው ያገኛል፣ ግምጃ ቤቱ አንድ ግብር ከፋይ ያጣል። ቁልፍ የተባሉ ድርጅቶች ለውትድርና ከሚፈለጉ ሠራተኞቻቸው እስከ ግማሽ የሚደርሱትን ከዘመቻ እንዲያስቀሩ የተፈቀደው ይህን ለማመጣጠን ነው። በዚህ ሂሳብ ላይ የሚሳሳት አገር ሠራዊቱንም ፋብሪካውንም አብሮ ያዳክማል።

ነዳጅ ላይ ደግሞ መንግሥት የሚያስቀምጠው የዋጋ ጣሪያ ምን እንደሚያደርግ ተመልከቱ። ዩክሬን አብዛኛውን ነዳጅ ታስገባ የነበረው ከቤላሩስና ከሩሲያ ነበር፤ በኤፕሪል 2022 የክሬሜንቹክ ማጣሪያም ተመታ። በምዕራብ ድንበር በቦቴ መኪና ማስገባት ከጣሪያው በላይ ያስወጣ ስለነበር አስመጪው እጁን ሰበሰበ፣ ሰልፉም ረዘመ። በሜይ ጣሪያው ሲነሳ ዋጋው ዘለለ፤ ነዳጁ ግን ተመልሶ መጣ።

የምህንድስና ተማሪዎች፣ ትራንስፎርመርን አትናቁ። ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ሚሳይሎቹ ያነጣጠሩት በከፍተኛ ቮልቴጅ ማከፋፈያ ጣቢያዎች ላይ ነበር። በእነዚህ ጣቢያዎች ያለው ትልቁ ዓይነት ትራንስፎርመር ከ200 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ታዝዞ እስኪመረት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ ስለዚህ መለዋወጫው የሚገዛው በሰላም ጊዜ ነው። የአሸዋ ከረጢትና በድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን ፍንጣሪን ያስቆማል፤ ድሮንን ለመመከት የኮንክሪት ሽፋን ያስፈልጋል። የባንኮቹ ዝግጅት ግን ርካሽ ነበር፦ ጄኔሬተርና ተጠባባቂ የመገናኛ መስመር ያላቸው ቅርንጫፎች ተመርጠው በጨለማም ገንዘብ እንዲከፍሉ ተደረገ።

ነገሩ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በኦገስት 2022 ብሬቭ ኮማንደር የተባለችው መርከብ 23 ሺህ ቶን የዩክሬን ስንዴ ለኢትዮጵያ ጭና ጅቡቲ ደርሳለች። እንግዲህ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ይህን ውሰዱ፦ የጅቡቲ መንገድ ለ30 ቀን ቢዘጋ በዴፖ ያለው ናፍጣ ለስንት ቀን ይበቃል? ቅድሚያ የሚሰጠው ለአምቡላንስ፣ ለዳቦ ቤት ወይስ ለትራክተር ነው? በሌላ በር የሚገባው አንድ ሊትር ስንት ይጨምራል? ልዩነቱንስ ማን ይከፍላል?