ማዕረግ ከሄደ በኋላ እኔ ማን ነኝ?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ለብዙ ዓመታት በመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበርሁ፤ ሰው የሚያውቀኝም የሚያከብረኝም በዚያ ነበር። ከኃላፊነቴ ከተነሣሁ ወዲህ ማን እንደ ሆንሁ ግራ ገብቶኛል። ስለዚህ ሙያዬንም ትውልዴንም ያለፈ ታሪኬንም ትቼ «እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ሌላ ማንነት የለኝም» ማለት ጀመርሁ፤ ከዘመዶቼም ራቅሁ። ሆኖም ዕረፍት አላገኘሁም። የተሳሳትሁት ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ ሆይ፣ ጾምህንና ጸሎትህን እንደምትጠብቅ ከአነጋገርህ ተረድቻለሁና በዚያ ላይ አልቆይም። ማዕረጉ ሲወሰድበት፣ ትዳሩ ሲፈርስ ወይም ሀብቱ ሲያልቅ «ማንነቴን በእግዚአብሔር አገኛለሁ» ብሎ የሚነሣ ሰው ብዙ ጊዜ አጋጥሞኛል፤ ብዙዎቹም የሚያደርጉት በወደቀው ማዕረግ ቦታ ሃይማኖትን መተካት ነው። ትናንት «እኔ ኃላፊ ነኝ» ብሎ ከሌላው ከፍ ይል የነበረው፣ ዛሬ «እኔ ክርስቲያን ነኝ» ብሎ ከፍ ይላል። ስሙ ተለወጠ እንጂ በስሙ የሚፈለገው ያው የሰው ክብር ነው፤ ዕረፍት የጠፋውም ለዚህ ነው። በቤተ መቅደስ ቆሞ «እንደ ሌሎች ሰዎች ሁሉ ስላልሆንሁ አመሰግንሃለሁ» ያለው ፈሪሳዊ (ሉቃ. 18፥11) ጾሙም ዐሥራቱም እውነት ነበር፤ ራሱን የለካው ግን በሩቅ በቆመው ቀራጭ እንጂ በሚያመሰግነው አምላክ ፊት አልነበረም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ያሉትን ሁለት ልጆች ቀስ ብለህ ተመልከታቸው። ታናሹ ከሩቅ አገር ሲነሣ ለአባቱ የሚናገረውን አሰናድቶ ነበር፤ «ልጅህ ልባል አይገባኝም፤ ከሞያተኞችህ (ከቅጥር ሠራተኞችህ) እንደ አንዱ አድርገኝ» ሊል። በአባቱ ፊት ሲቆም በደሉንም፣ ልጅ ሊባል አለመገባቱንም ተናገረ፤ ስለ ሞያተኛነት ያሰበውን ሳይጨምር ግን አባቱ ልብሱን፣ ቀለበቱንና ጫማውን አዘዘለት። አባትየው መናዘዙን አልከለከለውም፤ በበደሉ ምክንያት ለራሱ ያወጣውን ስም ግን አልተቀበለለትም። ታላቁ ደግሞ ከአባቱ ቤት ሳይወጣ «ይህን ያህል ዓመት እንደ ባሪያ ተገዝቼልሃለሁ» አለ። አንዱ በውድቀቱ፣ ሌላው በትጋቱ ለራሱ ስም አወጣ፤ ሁለቱም ልጅ መሆናቸውን ዘነጉ። እኔ የምፈራልህ የታላቁን ነው። ልጅነቱን እንደ ደመወዝ ስለ ቈጠረው በወንድሙ መመለስ መደሰት አቃተው፤ በውጭ ቆሞም ወደ ቤት አልገባም አለ። አንተም ወደ እግዚአብሔር ቀረብሁ ካልህ በኋላ ከዘመዶችህ መራቅህን ስሰማ ይህ ልጅ ትዝ አለኝ።

ልጅነት ግን በጥምቀት የተቀበልነው ጸጋ ነው እንጂ በሥራ የደረስንበት ማዕረግ አይደለም። ዮሐንስ «የእግዚአብሔር ልጆች ተብለን ልንጠራ አብ እንዴት ያለውን ፍቅር እንደ ሰጠን እዩ፥ እንዲሁም ነን» ይላል፤ ወዲያውም «ምንም እንደምንሆን ገና አልተገለጠም» ብሎ ይጨምራል (1ኛ ዮሐ. 3፥1-2)። እንግዲህ የማንነትህ ፍጻሜ ከአንተም ገና የተሰወረ ከሆነ፣ በመሥሪያ ቤት የተሰጠህ ወረቀት ሊወስነው፣ የተወሰደብህም ሹመት ሊሽረው እንዴት ይችላል?

«አይሁዳዊ ወይም የግሪክ ሰው የለም» (ገላ. 3፥28) የሚለውን ይዘህ ትውልድህን ልትክድ ከሆነም ተሳስተሃል። ይህን የጻፈው ጳውሎስ ሊገርፉት ባሰሩት ጊዜ ሮማዊነቱን ተናግሯል (ሐዋ. 22፥25)፤ በሥጋ ዘመዶቹ ስለ ሆኑትም ብርቱ ጭንቀት እንዳለበት ጽፏል (ሮሜ 9፥2-3)። የማቴዎስ ግን ከሁሉ ይበልጥ ልቤን ይነካዋል። ማርቆስና ሉቃስ ዐሥራ ሁለቱን ሐዋርያት ሲዘረዝሩ «ማቴዎስ» ብለው ያልፋሉ፤ በራሱ በማቴዎስ ወንጌል ግን «ቀራጩ ማቴዎስ» ተብሎ ተጽፏል (10፥3)። ሰው የሚንቀውን የቀድሞ ሥራውን አልደበቀም፤ የሚያሳፍረውም የሚያስመካውም አልነበረምና። የቀድሞ ማዕረግህን ጠርተው ሰላም ሲሉህ እንዲህ ባለ ልብ መልስ ስጥ። ስሙን መጥላትም ከስሙ ጋር መታሰር ነው።

አሁን የምነግርህን አጥብቀህ ያዝ። ለጥቂት ጊዜ ስለ እምነትህ ለሰው መናገሩን ቀንስና በስውር የሚያይ አባትህ ብቻ የሚያውቀውን በጎ ሥራ ሥራ፤ ማንም ሳያመሰግንህ ደስ ከተሰኘህ መዳን ጀምረሃል። ከዘመዶችህ የተቀየምኸው ቢኖር አንተ ቀድመህ ሂድ። ሥራም ፈልግ፤ ከቀድሞው ያነሰ ቢሆንም አትናቀው፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ወንጌልን እየሰበከ ድንኳን ይሰፋ ነበር (ሐዋ. 18፥3)።