«ጋሼ፣ ጎበዝን መቅጣት አይደል?»

ባለፈው ሜክሲኮ አካባቢ ቡና ስንጠጣ፣ ሶፍትዌር የምትሠራ አንዲት ልጅ «ጋሼ፣ መንግሥት ትልቅ ኩባንያ ሲከስ ጎበዝን መቅጣት አይደል?» አለችኝ። የጎግልን ጉዳይ ማንሳቷ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ የአሜሪካ ዳኛ፣ በኢንተርኔት ፍለጋ ያለውን የበላይነት በሕገወጥ መንገድ አስጠብቋል ብለው ፈርደውበታል። እኔ ግን ቀድመው ትዝ ያሉኝ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው።

ስታዲየም አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ክፍል እሠራ ነበር። ደብተሩን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር አዛውረን «ሠለጠንን» ያልንበት ጊዜ ነው። ፕሮግራሙን የሸጠልን ድርጅት መጀመሪያ በርካሽ ሰጠን። ከዚያ የዓመት ክፍያው ይቆለል ጀመር። አለቆቻችን ተማረሩና ሌላ እንግዛ አሉ። ያኔ ነው ጉዱ የፈላው። የኛን ፋይል ከዚያ ፕሮግራም በቀር የሚከፍተው የለም። ሻጩ ፈገግ ብሎ «ፋይሉ የናንተ ነው፤ ማንበቢያው ግን የኛ» አለን።

ያወጡን እኚያ የመዝገብ ቤቷ እትዬ ናቸው። ወር በመጣ ቁጥር ሁሉንም በወረቀት እያሳተሙ በቦክስ ፋይል ያስቀምጡ ነበር። እኛ ወጣቶቹ «ኮምፒውተር እያለ!» እያልን እንስቅ ነበር። ወረቀቱን ዘርግተው፣ ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር አድርገው ቁጥሩን ጮክ ብለው ያነባሉ፤ እኔ አዲሱ ፕሮግራም ላይ እጽፋለሁ። በየመሃሉ «ሳንቲሙን እንዳትረሳ» ይሉኛል። ዓይናቸው ሲደክም መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ሥራው ሳያልቅ ጡረታቸው ደረሰ። ሽኝት እንኳ አልተደረገላቸውም፤ ሁሉም በአዲሱ ፕሮግራም ተጠምዶ ነበር። ይቺ ዛሬም ትቆጨኛለች።

ወደ ልጅቷ ጥያቄ ልመለስ። በአሜሪካ ሕግ ትልቅ መሆን ብቻውን አያስከስስም። እ.ኤ.አ. በ1998 የፍትሕ መሥሪያ ቤቱና 20 ግዛቶች ማይክሮሶፍትን የከሰሱት በሌላ ነው። የራሱን ብሮውዘር፣ ማለትም የኢንተርኔት መክፈቻ፣ ከዊንዶውስ ጋር አጣብቆ፣ ኮምፒውተር አምራቾች እንዳያወጡት በውል አሰራቸው። ተፎካካሪው ብሮውዘር ኔትስኬፕ መፈናፈኛ አጣ። በ2000 ዳኛው ኩባንያው ለሁለት ይከፈል አሉ። በ2001 ይግባኝ ሰሚው መክፈሉን ሻረ፤ የበላይነቱን በሕገወጥ መንገድ ማስጠበቁን ግን አጸና። የቡሽ መንግሥት መጣና ነገሩ በስምምነት አለቀ።

ፖለቲካውም ሰፈር ነበረው። ሴናተር ኦሪን ሃች ማይክሮሶፍትን አፋጠጡ፤ የዩታ ሰው ናቸው፣ ተፎካካሪው ኖቬልም የዩታ። ሴናተር ስሌድ ጎርተን ተሟገቱለት፤ ኩባንያው ያለው በሳቸው ዋሽንግተን ግዛት ነው። ሁለቱም ሪፐብሊካን! እናንተ ግን ክርክሩን አርሰናልና ማንቼ ታደርጉታላችሁ። ወይ ኩባንያው ሌባ ነው፣ ወይ መንግሥት ምቀኛ ነው። እዚያ የገባ ደንበኛ መውጣት ይችላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ አላየሁም።

እውነቱን ለመናገር፣ መንግሥት ገበያ ውስጥ እጁን ሲያስገባ ደስ አይለኝም። ግን ያንን ሻጭ ማን ይጠይቀው ነበር? እኛም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለን፤ የገበያ የበላይነትን አላግባብ መጠቀም ይከለክላል። ሶፍትዌር የምትሸጡ ልጆች አንብቡት፤ አጭር ነው።

ሳፋሪኮም በኛ በ2015 ሥራ ሲጀምር «ተገላገልን!» ብዬ ከሁሉ በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ። እስካሁን ግን ያው ቴሌ ነኝ። ቁጥሬን ዘመድ አዝማዱ ሁሉ በቃሉ ይዞታል፤ ማን ይቀይራል?