መልስ፦ ሬዲዮዬን ይዤ ደብረ ማርቆስ ብመጣስ?

ወንድሜ፣ «ጀርመን ያወጣሁት የአማተር ሬዲዮ (በትርፍ ጊዜ ከሌሎች ጋር በሬዲዮ የማወራበት) ፈቃድ ዘመድ ጥየቃ ደብረ ማርቆስ ስመጣ ይሠራልኛል ወይ?» ብለሃል። አይሠራም። ያሳሳተህ ሴፕት የሚባለው የአውሮፓ ስምምነት ይመስለኛል። በእሱ ፈረንሳይ ወይም ጣልያን ገብተህ ያለ ተጨማሪ ወረቀት ታወራለህ። ኢትዮጵያ ግን የለችበትም።

ስለዚህ ትኬት ሳትቆርጥ ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ጻፍ። የፈቃድህን ቅጂ፣ የሬዲዮውን ሞዴል፣ የምትቆይበትን ቦታና ቀን አያይዝ። የጽሑፍ ፈቃድ እጅህ ካልገባ ሬዲዮውን እዚያው ተወው። «ጉምሩክ ላይ አስረዳቸዋለሁ» ብለህ እንዳትመጣ!

ፈቃዱ ከተገኘ ሌላው ቀላል ነው። የሞገድ ርዝመቱ 40 ሜትር ለሆነው ባንድ፣ ለዳይፖል (መሐሉ ላይ ለሁለት የተከፈለ የሽቦ አንቴና) በእያንዳንዱ ጎን 10 ሜትር ያህል ሽቦ ይበቃል። ምሰሶ አትሸከም፤ ጎጃም ባሕር ዛፍ መቼ ጠፍቶ! ገመዱ ጫፍ ላይ ድንጋይ አስረህ ወደ ቅርንጫፉ ወርውር። የሰፈር ልጆች ካንተ በላይ ያነጣጥራሉ። መብራት ስለሚጠፋ ባትሪ አዘጋጅ። የእጅ ሬዲዮዋን ግን ፈቃድ ቢኖርህም ይዘሃት ገበያ አትውጣ። ጊዜውን ታውቀዋለህ።

የግንኙነት መዝገብህ ላይ ሰዓት እንዳይምታታብህ፣ በእኛ አቆጣጠር ላይ ለቀኑ 3፣ ለምሽቱ 15 ደምር፤ ዩቲሲ (የዓለም የጋራ ሰዓት) ይመጣልሃል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት 06:00 ነው፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ደግሞ 18:00።

ፈቃዱ ከዘገየ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኢቲ3ኤኤ የሚባል የክለብ ጣቢያ አለ። መንገድህም በዚያው ነው፤ ቀድመህ ጠይቃቸው።