ግራናይት ውስጥ ውሃው በየት በኩል ይዞራል?

«ግራናይት ድፍን ድንጋይ አይደል እንዴ፣ 5 ኪሎሜትር ታች ውሃው በየት ይዞራል፣ የወረደውስ ያው ራሱ ነው የሚወጣው?» ላልከው ወንድሜ (ጂኦተርማልን ነው የጠየቅከው፣ ውሃ በአንድ ጉድጓድ ወደ ጋለ ድንጋይ ወርዶ ሙቀት ይዞ በሌላው የሚወጣበትን)፣ እኔም ተማሪ እያለሁ ፈረንሳይ አልሳስ ውስጥ ሱልትዝ ሱ ፎሬ ያለው የጂኦተርማል ጣቢያ እስክሄድ ድረስ ከታች ገንዳ ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር። ምንም ገንዳ የለም። እዛው ከተቆፈረ የጥናት ጉድጓድ የወጣ ኮር (እንደ ዱላ ድብልብል ሆኖ የሚወጣ የድንጋይ ናሙና) በእጄ ይዤ አይቻለሁ፣ ደህናው ግራናይት ጠብታ አያሳልፍም፣ መሀሉ ላይ ግን ቀጭን ስንጥቅ አለ፣ ዳርና ዳሩ በስብሶ ጭቃ ሊመስል ምንም አልቀረው፣ ኳርትዝ የሚባል ማዕድንም ተሞልቶበታል። ድሮ ሙቅ ውሃ ሲመላለስበት የኖረ መንገድ ነው። ውሃ ወደ ታች የሚገፋው ፓምፕ ያንን ነው ገፋ አድርጎ የሚከፍተው፣ በግፊት ስንጥቁ ትንሽ ሸርተት ሲል ሻካራው ፊት መልሶ ስለማይገጥም ክፍት ሆኖ ይቀራል (መሬት የሚያንቀጠቅጠውም ይሄው ሸርተት ማለቱ ነው፣ ስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ በፈረንጆቹ 2006 እንዲህ ሲሰሩ መጠኑ 3.4 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ መትቶ ፕሮጀክቱ በኋላ ቀረ)።

ዋናው ነገር መንገዱ ለሁሉም ጉድጓድ እኩል አለመሆኑ ነው። እዛው ሱልትዝ በፈረንጆቹ 2005 ከሶስቱ ጉድጓዶች በመሀለኛው ውሃ እየጨመሩ ከግራና ከቀኝ ካሉት ሁለቱ ሲያወጡ ፍሎረሲን የሚባለውን ቀለም ለቀቁበት፣ ርቀታቸው ከ600 እስከ 700 ሜትር ገደማ ተቀራራቢ ነው፣ ግን አንዱ ጋ በ4 ቀን ገደማ ብቅ አለ፣ ሌላው ጋ ከ3 ሳምንት በላይ ፈጀ፣ ያውም ጥቂት። ካርታ ላይ ያለ ርቀት ምንም አይነግርህም በለው!

የወረደው ውሃ ራሱ ይወጣል ወይ ላልከው፣ ከፊሉ ብቻ። አብዛኛው ቀለም አልተመለሰም፣ ውሃው ግን አልጎደለም፣ ከስንጥቁ ጀርባ የነበረ የቆየ ጨዋማ ውሃ ገብቶ ይተካዋል፣ በ1997 እዛው ሱልትዝ ጥልቀቱ አነስ ባለው ክፍል ለ4 ወር ሲያዞሩ ከውጭ ውሃ መጨመር አላስፈለጋቸውም። እንግሊዝ ኮርንዋል ግን ግራናይቱ ያው ግራናይት ሆኖ ብዙ ውሃ ጠፍቶባቸዋል፣ ስለዚህ አንዱን አይተህ በሌላው አትፍረድ፣ የኛን አሉቶማ ከነጭራሹ አታምጣው፣ እሱ የእሳተ ገሞራ ነው።

ጨዋማ ስልህ ደግሞ ቀልድ አይደለም፣ በሊትር 100 ግራም ገደማ ነው፣ ከናሙና ቧንቧው ጃኬቴ ላይ የተረጨው ደርቆ ነጭ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ሙቀቱን ሰጥቶ ሲቀዘቅዝ ባራይት የሚባል ማዕድን ሂት ኤክስቼንጀሩ (ሙቀቱን የሚቀበለው መሣሪያ) ውስጥ ይጋገራል፣ ባራይቱ ውስጥ ጨረር የሚያወጣ ራዲየም ስላለ እሱን የሚያጸዱት ሰዎች ጨረር እየለኩ ነው የሚሰሩት።