የሥራ ጉድለትን ለሠራተኛ ስለ መንገር፦ የስድስት ወሩን ምዘና አይጠብቁ

በቡሬ በአንድ የዱቄት ፋብሪካ የክፍል ኃላፊ የሆኑት ጠያቂያችን፣ በቅርቡ የተቀጠረ ሠራተኛቸው የምርት መዝገቡን በጊዜው እንደማይሞላ ገልጸው፣ ሳያስቀይሙት እንዴት እንደሚነግሩትና እስከ ስድስት ወሩ ምዘና መቆየት ይገባቸው እንደሆነ ጠይቀዋል። እባክዎ አይቆዩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ብቁ ሆኖ ያልተገኘ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ስለሚችል፣ ጉድለቱን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊሰማ ይገባዋል።

እኔ በደብረ ማርቆስ በአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የንብረት አስተዳደር ቡድን መሪ በነበርሁበት ጊዜ የሠራሁትን ስሕተት ልንገርዎ። የግምጃ ቤት ሠራተኛችን የወጣውን ዕቃ ከቢን ካርዱ፣ ማለትም የየዕቃው ገቢ፣ ወጪና ቀሪ ከሚመዘገብበት ካርድ ላይ የሚቀንሰው ከቀናት በኋላ ነበር። ግማሽ ዓመቱን ሙሉ እያየሁ ዝም አልሁና፣ በግምገማው ቀን በባልደረቦቹ ፊት «ግዴለሽ ነህ» አልሁት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ከታዘዘው አልፎ አንዳች አልሠራም፤ ካርዱም እንደ ቀድሞው ዘገየ።

ከወራት በኋላ ይቅርታ ጠየቅሁትና፣ ካርዶቹንና ዕቃ ወጪ የሚደረግበትን የሞዴል 22 ደረሰኝ ጥራዝ ይዘን እዚያው ግምጃ ቤቱ ውስጥ ለብቻችን ተቀመጥን። «ጥር 12 የወጣው 40 ደስጣ ወረቀት የተቀነሰው ጥር 16 ነው፤ በመካከሉ ምን ገጠመህ?» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገርሁም። የክፍል ኃላፊዎች በቃል እያዘዙ ዕቃ እንደሚያስወስዱ፣ ፊርማቸው ግን ቆይቶ እንደሚመጣ፣ ያለ ፊርማም ከካርድ ለመቀነስ እንደማይደፍር ነገረኝ። ለካስ የጉድለቱ ግማሽ የእኔ ነበር፤ ኃላፊዎቹን ማነጋገር የሚገባኝ እኔ ነበርሁና። እኔ ከፊርማ በፊት ዕቃ እንዳይወጣ ላስከብር፣ እርሱ ደግሞ በዕለቱ ሊቀንስ ተስማማን፤ ዓርብ ዓርብም አምስት ዓይነት ዕቃ አብረን እየቆጠርን ከካርዱ ጋር እናመሳክር ጀመር።

በየሥልጠናው ጉድለትን በሁለት ምስጋናዎች መካከል አስገብቶ መንገር ይመከራል። እኛ ዘንድ ይህ የሚሠራ አይመስለኝም። የጎጃም ሰው ሰምና ወርቅ እየሰማ ያደገ በመሆኑ፣ ምስጋናውን እንደ ሰም ገፎ ወርቁን ይፈልጋል፤ በግልጽ ካልነገሩትም ያልታሰበ ክፉ ትርጉም ይሰጠዋል። ምስጋና ከተገባው ሥራውን በሠራበት ቀን ራሱን አስችለው ያመስግኑት። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን፣ ማለትም ያዘጋጀውን ቅኔ ሲነግር የኔታ የሚያቃኑት የተሰበረውን ቃል ነው፤ በጓደኞቹ ፊት መታረሙም አያሳፍረውም፤ ሁሉም በየዕለቱ ይታረማልና። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ በሚወቀስበት መሥሪያ ቤት ግን የአደባባይ ወቀሳ ውርደት ይሆናል።

ስለዚህ ያልተሞላውን ገጽ ይዘው፣ ፈረቃው ሲያበቃ ለብቻው ያነጋግሩት፤ አስቀድመው ምክንያቱን ይጠይቁት። ዕድሜው ከእርስዎ የሚበልጥ ከሆነ አንቱታውን አይንፈጉት። የተስማማችሁበትን ነገርና ቀኑን በማስታወሻ ይያዙ፤ በቀጠሮው ቀንም ሳይቀሩ ይመለሱ። እኔ አንድ ዓርብ ቀርቼ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓርብ ስሄድ ሦስት ካርዶች ዘግይተው አገኘሁ።