ያላሳየኋችሁ በሶ

ልጆቼ፣

ምግብ ስትሠሩ ራሳችሁን እየቀረጻችሁ የምታሳዩ ወጣቶች በዝታችኋል፤ ደስ ይለኛል። እኔ ስጀምር ቴሌቪዥን ላይ ሽንኩርት ሲያቁላሉ ማየት ብርቅ ነበር። ዛሬ ስልክና ምድጃ ያለው ሁሉ የራሱ ፕሮግራም አለው። በቅርቡ ደግሞ ብዙዎቻችሁ ከማድ ቤት ወጥታችሁ ጫካና ተራራ ላይ መቅረጽ ጀምራችኋል፤ ያለ ክብሪት እሳት ማንደድ፣ ቅጠል ለቅሞ መብላት፣ ሜዳ ላይ ማደር። ይህን እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔም ሠርቼዋለሁና፤ ስሠራውም ዋሽቻለሁ።

ወደ ቴሌቪዥን የመጣሁት በሆቴል ወጥ ቤት ረጅም ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው። አንድ ቀን አዘጋጆቹ «ወጥ ቤቱ ሰለቸ፣ ሜዳ እንውጣ» አሉ። ባለሙያዋ ያለ ጋዝ፣ ያለ ቅመም፣ ያለ ስንቅ ሦስት ቀን መንዝ ላይ ታድራለች፤ ያገኘችውን ትበላለች። ታኅሣሥ ላይ ከመሐል ሜዳ ከተማ አልፈን ወጣን። እዚያ ያለው የጓሳ ጥብቅ ስፍራ ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ፣ መጀመሪያ ቀሮ በሚባል ባህላዊ የጋራ ሥርዓት፣ ሲጠብቀው የኖረ ነው፤ እንደ ልብ ሣር የሚታጨድበት፣ እንጨት የሚለቀምበት አይደለም። ስለዚህ ከጥብቁ ውጪ፣ መንገድ መሪያችን በነበሩ ገበሬ ማሳ ጥግ አረፍን። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ንጋት ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል።

የመጀመሪያው ስህተቴ የሙያዬ ስህተት ነበር። ምግብ ሠሪ ነኝና እንደደረስን የሚበላ ነገር ፍለጋ ጀመርኩ። ፀሐይ ወደ ተራራው ስታዘነብል መንገድ መሪያችን ጠሩኝና «ልጄ፣ ሆድሽ ነገም ይርበዋል፤ ጀርባሽን ግን ዛሬ ማታ ነው የሚበርደው» አሉኝ። ሜዳ ላይ የመኖር ብልሃት የሚያስተምሩ ሰዎች ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ነው። ሰው ያለ ምግብ ሦስት ሳምንት ያህል ሊቆይ ይችላል፤ ያለ ውኃ ሦስት ቀን፣ በክፉ ብርድ ውስጥ ያለ መጠለያ ግን ሦስት ሰዓት። እኔ ዕድሜዬን የሰጠሁለት ነገር ተራው መጨረሻ ላይ ነበር። ያን ማታ ደረቅ ሣር እስከ ጉልበቴ ድረስ ከምረው አነጠፉልኝ፣ ምክንያቱም የተኛ ሰው ሙቀቱን የሚነጥቀው ከነፋሱ ይልቅ መሬቱ ነው። ከላይ የራሳቸውን ባና ደረቡልኝ። እሳቸው በምን እንዳደሩ አልጠየቅኩም፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

በማግስቱ እሳት ነበር የሥራው እምብርት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሬ እንጨት በእንጨት ላይ ሳሽከረክር ዋልኩ። ጉልበት ብቻ ይመስላችኋል፤ አይደለም። እንጨቶቹ ለስላሳና ፍጹም ደረቅ መሆን አለባቸው። ሲፋተጉ የሚወጣው ዱቄት መጀመሪያ ቡናማ ነው፤ ከዚያ ይጠቁራል፣ ይጨሳል፤ ፍም የሚሆነውም ያው ጥቁር ዱቄት ነው። ለትንፋሽ ያህል እንኳ ካቆማችሁ ይበርድና እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ። ጤዛ ሲጠጣ ያደረ እንጨት ደግሞ ጭስ እንጂ ፍም አይሰጥም። ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን መዳፌ ውኃ ቋጥሮ ነበር፣ እሳት ግን የለም።

መንገድ መሪያችን ምንም ሳይሉ ወደ ቤታቸው ወረዱና ኩበት ላይ ፍም ይዘው ተመለሱ። ያን ጊዜ እናቴ ትዝ አለችኝ። ማታ እሳቱን በአመድ ዳፍና ትተኛለች፤ ጠዋት አመዱን ስትገልጠው ረመጡ ቀይ ሆኖ ይጠብቃታል። የጠፋበት ጎረቤት ካለ ኩበት ይዞ መጥቶ ይጭራል። ያደግሁበት ደጋ ሰው የተራቀቀው እሳት እንዳይጠፋ በማድረግ ነበር፤ ለዚያም አመድ፣ ኩበትና ጎረቤት ያስፈልጋል። ይህን በልጅነቴ አውቀው ነበር። ረስቼው ነው ስፈትግ የዋልኩት።

አሁን ወደ ውሸቱ ልምጣ። የቀረጻው ኃላፊ «እጆችሽን ሲያሽከረክሩ ይዘናል፤ ቀጥሎ ነበልባሉን እናስገባለን» አለ። ኩበቱም፣ ያመጡት ሰውዬም ከምስሉ ወጡ። እኔ ተቃውሜ ማስቆም እችል ነበር፤ ፕሮግራሙ በስሜ ነው የሚጠራው። አላስቆምኩም።

ምግቡም እንደዚያው ሆነ። ምንጭ ዳር ሳማ አገኘን። የእኛ ደጋ ሳማ ከኢትዮጵያ ውጪ የማይበቅል ዓይነት ነው፤ ለጋ ጫፉ ተቀቅሎና ታሽቶ፣ ጨውና ትንሽ ዱቄት ተጨምሮበት ሲበላ ግሩም ነው፤ አዋቂዎች በክፉ ቀንም በጾምም ያውቁታል። ለካሜራ በጣም ያምራል፤ የሚለበልብ ቅጠል ወደ ምግብ ሲለወጥ ማየት ማንን አያስደስትም? ግን ሒሳቡን እንሥራ። 100 ግራም የተቀቀለ ሳማ ያለው ኃይል 40 ካሎሪ ገደማ ነው። ለቀን 2,000 ካሎሪ የሚያስፈልገው ሰው በሳማ ብቻ ልኑር ቢል ወደ 5 ኪሎ መብላት አለበት፤ ዳገት የሚወጣና ብርድ የሚመታው ሰው ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። እኛ ግማሽ ቀን ለቅመን ሲቀቀል ሁለት ጭብጥ አልሞላም።

መንገድ መሪያችን የሰጡንን ደረቅ ባቄላም ጣድኩ። ስንት ሰዓት ቢንተከተክ አልበስል አለ። ውኃ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ ግን 89 ገደማ ሲደርስ ይፈላና ከዚያ በላይ አይሞቅም። እሳቱን ብታበዙት ውኃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ባቄላው አይፈጥንም። (ለመጠጥ የምታፈሉት ውኃ አያሳስባችሁ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ አቆዩት፣ ይበቃል።) ሌላ ጊዜ ባቄላውን አሳድሬ እዘፈዝፈው ነበር። ዝግጅት ያለው ሰው ማድ ቤቱን እቤቱ ትቶ አይወጣም፤ እኔ ግን ትቼው ወጥቼ ነበር።

ታዲያ ሦስቱን ቀን ምን በላን? በሶ። ፊደል ስንቆጥር «አበበ በሶ በላ» እያልን ያደግንበት በሶ። የሰውዬው ባለቤት ገብሱን ፈትገው፣ ቆልተው፣ ፈጭተው አንድ ስልቻ ሞልተው ልከውልን ነበር። ካሜራው ሲጠፋ እፍኝ እፍኝ በቀዝቃዛ ውኃ ለውሰን፣ ጨው ነስንሰን እየጨበጥን እንበላለን፤ ካሜራው ሲበራ ስልቻው ከድንኳን በስተጀርባ ይገባል።

ወጥ ቤት ያረጀ ሰው በሶን ሲያስበው ይደነቃል። ገብሱ ሲቆላ በስሏል፤ ስለዚህ ተራራ ላይ ማገዶ አይፈልግም፣ ውኃ በ89 ዲግሪ ፈላ በ100 አይገደውም። እርጥበቱ ስለወጣ ሻጋታ አይይዘውም። 100 ግራሙ ከ350 ካሎሪ በላይ አለው፤ የአንድ ቀን የሰው ስንቅ ከ600 ግራም አያልፍም ማለት ነው። በቅቤ ከታሸ ጭኮ ይሆንና ለወራት ይቆያል። ድርቆሽን አስቡት፣ ዳቦ ቆሎን፣ ቋንጣን። እያንዳንዱ ውኃን ከምግብ ውስጥ የማውጣት ጥበብ ነው። በ1888 ዓ.ም. ወደ አድዋ የዘመተው ሰው ያን ሁሉ ተራራ የተሻገረው ስንቁን ከቤቱ ይዞ ነው፤ እስከ የካቲት የዘለቀውም በስንቁ ልክ ነበር፤ ያን ዱቄት ፈጭተው፣ ስልቻውን ቋጥረው የሸኙት፣ አብረው የዘመቱትም ሴቶች ነበሩ። ሜዳ ላይ ሰው የሚያድረው ከሳምንታት በፊት ምጣድ ፊት በተቀመጠች ሴት ትዕግሥት ነው። እኔ ግን የምግብ ባለሙያ ሆኜ ይህን አንድ ነገር ከፕሮግራሜ አወጣሁት፤ ሳማውን አስገባሁ።

ከተላለፈ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በጣቢያው በኩል ደብዳቤ ደረሰኝ፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነው የጻፈው። ሁለት ቅዳሜና እሁድ እንጨት ሲፈትግ መክረሙን፣ መዳፉ መቁሰሉን ጻፈና «እርስዎ በአንድ ጊዜ ሲያነዱት አየሁ፤ የእኔ እጅ ምን ጎድሎት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እጁ ምንም አልጎደለውም ነበር። ያኔውኑ እውነቱን ጽፌ መለስኩለት፤ በቴሌቪዥን ግን ሳልናገረው ቀረሁ። ይህን ደብዳቤ ለእናንተ የምጽፈው ገሚሱ ለእሱ የነበረብኝ ዕዳ ነው።

ስለዚህ ተራራ ስትወጡ ያልነደደላችሁን እሳት አሳዩ። ክብሪት ከተጠቀማችሁ ክብሪቱ ይታይ፤ ስድስት ሰዓት ከፈጀባችሁ ስድስት ሰዓት በሉ። መንገድ የሚመራችሁን ሰው ዋጋውን ክፈሉት፤ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ፊቱንም አሳዩ፣ ብልሃቱ የእሱ ነውና። የሚበላና የማይበላ ስትለዩ ደግሞ እባካችሁ በግምት አትናገሩ። እኛ ምግብ ሠሪዎች እሳት ሁሉን ያነጻል ብለን የማመን ክፉ ልማድ አለን። መርዘኛ የጅብ ጥላ ቀቀላችሁትም ጠበሳችሁትም መርዙ አይሞትም፤ ከሁሉ የከፋው ዓይነት ደግሞ ሕመሙን የሚያሳየው ከ6 ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው፤ «ቀመስኩት፣ ምንም አልሆንኩም» ብላችሁ ቪዲዮውን ከለቀቃችሁ በኋላ። ጓያን ተመልከቱ። ጥራጥሬ ነው፣ ድርቅ ይችላል፣ ይጣፍጣል፤ በክፉ ዘመን ግን ለወራት ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሩ ተሳስሮ የማይድን ሽባ ሆኖ ቀርቷል። ይህን በሕይወታቸው የከፈሉበት ሰዎች አሉ፤ አንድ ሰው እናንተን አምኖ ወደ አፉ ሊያስገባ እንደሆነ አስቡና «ይህን አላውቀውም» ማለትን ልመዱ። ካሜራ ፊት ከባድ ቃል ነው። እኔ ሳልለው ነው ያረጀሁት።

በዓመቱ ወደ መንዝ ተመለስኩ። ጣቢያው ሐሳቡን ስላልወደደው የእህቴን ልጅ ከአንዲት ትንሽ ካሜራ ጋር ይዤ ሄድኩ። የመንገድ መሪያችን ባለቤት መጀመሪያ ገረማቸው፤ «በሶ ደግሞ ምኑ ይታያል?» አሉ። እሺ ካሉ በኋላ ግን ምጣዱን ጥደው እንጨቱን እጄ ላይ ሰጡኝና ከጎኔ ተቀመጡ። ገብስ ሲቆላ እጅ አያርፍም። እሳቱ ለስለስ ይላል፣ እንጨቱ ታች ድረስ ይገባል፣ ፍሬው እኩል መዞር አለበት። ደርሶ እንደሆነ በዓይን አይፈረድም፤ እሳቸው አንድ ፍሬ አንስተው በጥርሳቸው ሰብረው ድምፁን ያዳምጡ ነበር። እኔ ግን ሰዓቴን አየሁ፤ የወጥ ቤት ልማድ ነው።

የመጀመሪያውን ምጣድ አሳረርኩት። የእህቴ ልጅ ካሜራውን ልታጠፋ ስትል በእጄ ከለከልኳት። ሴትየዋ ያረረውን ገብስ ደጅ ወጥተው ለዶሮዎቻቸው በተኑና ምጣዱን በጨርቅ አሰሱት፤ ሌላ ገብስ ሰፍረው ጨመሩ፣ እንጨቱንም መልሰው ሰጡኝ።

«አሁን እንደገና» አሉኝ።